ምርቃቱን ማን ይከፍለዋል? ከደምቢዶሎ የቡና ቀብድ እስከ አሜሪካ የካርድ ጉርሻ



የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና አፍሉና ተቀመጡ።

ከሚኒያፖሊስ፣ ከሲያትልና ከዋሽንግተን አካባቢ የምትጽፉልኝ ልጆች ደጋግማችሁ አንድ ነገር ትጠይቁኛላችሁ፦ «ቲቸር፣ በክሬዲት ካርድ ነጥብ አገር ቤት በነጻ ደርሶ መመለስ ይቻላል ይላሉ። እውነት ነው ወይስ ወጥመድ?» እዚህ ነቀምቴ ያሉ ወላጆቻችሁ ደግሞ በሌላ በኩል ይመጡብኛል። «የእነ እገሌ ልጅ ቲኬቱን በነጻ አገኘሁት ብሎ መጣ። የእኛው ለምን ዓመት ሙሉ ቲኬት ተወደደ ይለናል?»

እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ የባንክ ሰው አይደለሁም። ስለዚህ መልሱን በማውቀው መንገድ ልስጣችሁ። አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ እውነትም ነው፣ ወጥመድም ነው። ለማን እውነት፣ ለማን ወጥመድ እንደሆነ ግን ታሪኩን ካላወቅን አይገባንም።

◆ ምርቃት የሚባለው ነገር

ገበያ ወጥታችሁ በርበሬ ስትገዙ ሻጯ በጣሳ ለክታ ከሰጠቻችሁ በኋላ በእጇ ዘግና ትጨምራለች። ምርቃት ነው። ካልጨመረች «መርቂልኝ እንጂ!» እንላታለን። ደስ ብሎን እንሄዳለን፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም ወደ እሷው እንመለሳለን።

ሻጯ ግን ሞኝ አይደለችም። ምርቃቱን ገና ከቤቷ ስትወጣ ዋጋው ውስጥ አስገብታዋለች። አፉን ይዞ ከፍሎ የሄደ ሰው፣ ተከራክሮ ላስመረቀው ሰው ጭምር ከፍሎለታል። ዛሬ የማወራው ስለዚህች እፍኝ በርበሬ ነው። አሜሪካ ሄዳ የአውሮፕላን ቲኬት ሆናለች።

◆ ወለጋና ቀብድ

ወለጋ ከሩቅ ንግድ ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጉዱሩ፣ ከአሳንዳቦ ገበያ የተነሳ ነጋዴ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ ይገባ ነበር። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይወጣል፤ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና የማርያ ትሬዛ ብር ይገባል።

በኋላ የንግዱ ፊት ወደ ምዕራብ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው የድንበር ውል መሠረት እንግሊዞች ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ አገኙ። ባሮ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከሱዳን ተነስቶ ጋምቤላ ድረስ ይመጣ ነበር። የምዕራብ ወለጋና የኢሉባቦር ቡና ከደጋው ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይጫናል።

ባንክ ደግሞ ገበያን ይከተላል። ከግብጽ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው የአጼ ምኒልክ ዘመኑ አቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ቅርንጫፎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፦ ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ ጎሬ እና የእኛው ደምቢዶሎ። ጋምቤላም ወኪል ነበረው። አስቡት እንግዲህ፣ አብዛኛው የአገራችን ከተማ የባንክ ደጃፍ ባላየበት ጊዜ ደምቢዶሎ ባንክ ነበራት። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ቡና።

ገበሬው ግን ባንኩን አያውቀውም። እሱ የሚያውቀው ነጋዴውን ነው። ክረምት ላይ ጎተራው ሲራቆት፣ ቡናው ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ነጋዴው መጥቶ ቀብድ ይሰጠዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቡናው ሲደርስ ባለቀብዱ አስቀድሞ በቆረጠው ዋጋ ይወስዳል። ይህ አሠራር የድሮ ብቻ አይደለም። ቡና ባለበት አገር ሁሉ የምታውቁት ነው።

ቀብድ የሚቀበለው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጎተራው ሙሉ ነው፤ ቀብዱን ወስዶ በሬ ይገዛበታል። ቀብዱ ባይመጣም አይራብም። ሁለተኛው የሚወስደው ልጆቹ ስለራባቸው ነው። ነጋዴው አንድ፣ ብሩም አንድ። የመጀመሪያው ሰው በሰው ብር ሀብቱን ያሳድጋል። ሁለተኛው የዘንድሮውን ረሃብ በሚቀጥለው ዓመት ቡና ሲከፍል ይኖራል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ አሜሪካ ስንደርስ እንፈልጋታለን።

◆ ካርድ በፖስታ ቤት በኩል

አሁን ባሕር እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1950 ኒው ዮርክ ውስጥ ዳይነርስ ክለብ የሚባል ካርድ ወጣ። ምግብ ቤት በልተህ ካርድ ታሳያለህ፣ በወሩ መጨረሻ ጠቅላላውን ትከፍላለህ። የዱቤ መዝገብ ነው በሉት። ልዩነቱ መዝገቡ የአንድ ሱቅ ሳይሆን የብዙ ሱቆች መሆኑ ነው።

ትልቁ ነገር የመጣው በመስከረም 1958 (እ.ኤ.አ.) ነው። ባንክ ኦፍ አሜሪካ ፍሬዝኖ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ለ60,000 ሰዎች ካርድ በፖስታ ላከ። ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አልተመዘገበም። ዝም ብሎ ደጃፍ ላይ ወደቀ። ይህ ካርድ በኋላ ቪዛ የምንለው ሆነ። ባንኩ ዕዳቸውን በጊዜ የማይከፍሉት ከ100 ሰው 4 ያህሉ ብቻ ይሆናሉ ብሎ አስልቶ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ 22 ሆኑ። ሌባውም ከፖስታ ሳጥን ካርድ እየለቀመ ተጠቀመበት። ባንኩ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ከሰረ፣ ሥራውን ግን አላቆመም። ምክንያቱም ባልተከፈለ ዕዳ ላይ የሚታሰበው ወለድ ቀስ እያለ ኪሳራውን ይበላዋል።

እ.ኤ.አ. በ1970 የአሜሪካ ምክር ቤት ሰው ሳይጠይቅ ካርድ መላክን ከለከለ። ከዚያ በኋላ ባንክ ደንበኛ ለማግኘት ሰውን ማባበል ግድ ሆነበት። «ና ተመዝገብ፣ ይህን እሰጥሃለሁ» የሚለው ቋንቋ እየጎላ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

◆ ባንክና አውሮፕላን ሲጋቡ

እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ መቆጣጠሯን ተወች። አየር መንገዶች እርስ በርስ መሻማት ጀመሩ። በግንቦት 1981 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካን ኤርላይንስ «ደጋግሞ ለበረረ ማይል እቆጥርለታለሁ፤ ማይሉ ሲሞላ በነጻ ይበራል» አለ። ዩናይትድም በቀናት ውስጥ ተከተለው። እስከዚህ ድረስ የገበያዋ ሴትዮ ምርቃት ነው፤ ለደንበኛ የሚሰጥ።

እ.ኤ.አ. በ1987 ግን ሲቲባንክና አሜሪካን ኤርላይንስ በጋራ ካርድ አወጡ። ሳትበር፣ ወተትና ዳቦ ገዝተህ ማይል ታገኛለህ። ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ባንኩ ማይሉን ከአየር መንገዱ በጅምላ ይገዛል፣ ለደንበኛው በችርቻሮ ያድላል። አየር መንገዱ ገና ያልበረረ ወንበር ሸጦ ጥሬ ገንዘብ ይቀበላል። ቡናው አረንጓዴ ሳለ እንደሚሸጠው ማለት ነው። ቀብድ!

ይህ ንግድ ስንት ያወጣል? ኮሮና መጥቶ አውሮፕላን ሁሉ በቆመበት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ዩናይትድ የማይል ፕሮግራሙን መያዣ አድርጎ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። በዓመቱ አሜሪካን ኤርላይንስ በተመሳሳይ መንገድ 10 ቢሊዮን አገኘ። አውሮፕላኑ ቆሞ ማይሉ ገንዘብ አመጣ።

◆ ጉርሻ አሳዳጆች

የሰው ልጅ ደግሞ ብልጥ ነው፤ ምርቃት ካየ ሥራውን ምርቃት ማሳደድ ያደርገዋል። ሦስት ታሪክ ልንገራችሁ።

አንደኛው፦ እ.ኤ.አ. በ1999 ዴቪድ ፊሊፕስ የሚባል የካሊፎርኒያ መሐንዲስ አንድ የምግብ ድርጅት በዕቃው ማሸጊያ ላይ ማይል እንደሚሰጥ አየ። ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሹ ፑዲንግ ነበር። በ3,140 ዶላር ገደማ ከ12,000 በላይ ፑዲንግ ገዛ። ምልክቱን ልጦ የሚጨርስ ሰው ሲያጣ ፑዲንጉን ለእርዳታ ድርጅት ሰጠ፤ እነሱ ለድሆች አበሉ፣ ምልክቱን ልጠው መለሱለት። ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ማይል አገኘ።

ሁለተኛው፦ የአሜሪካ መንግሥት የአንድ ዶላር ሳንቲም ሕዝቡ እንዲለምድ ብሎ ያለ መላኪያ ክፍያ በፖስታ መሸጥ ጀመረ። ጉርሻ አሳዳጆቹ በክሬዲት ካርድ ሳንቲሙን በሣጥን ይገዛሉ፣ ሣጥኑን እንዳለ ባንክ ያስገባሉ፣ በዚያው ብር የካርዱን ዕዳ ይከፍላሉ። ማይሉ በነጻ ይቀራል! መንግሥት ነገሩ ገብቶት እ.ኤ.አ. በ2011 በካርድ መሸጡን አቆመ።

ሦስተኛው፦ በነሐሴ 2016 (እ.ኤ.አ.) ቼዝ ባንክ ሳፋየር ሪዘርቭ የሚባል ካርድ አወጣ። ዓመታዊ ክፍያው ያኔ 450 ዶላር ነበር። በሦስት ወር ውስጥ 4,000 ዶላር ላወጣበት ሰው 100,000 ነጥብ ይሰጥ ነበር። ሰው ተንጋግቶ ካርዱ የሚሠራበት ብረት እስኪያልቅ ድረስ ተመዘገበ። የባንኩ ኃላፊ ይህ ካርድ የአንድ ሩብ ዓመት ትርፋችንን ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ይቀንሰዋል ብለው ተናገሩ፤ እያማረሩ ሳይሆን እየተደሰቱ። በጥር ጉርሻው በግማሽ ተቀነሰ። ባንኩ ደንበኛ አግኝቷል፤ ቀብዱ ሥራውን ሠርቷል።

◆ እኛ የት ገባን?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። ያቋቋመው ቲደብሊውኤ ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል ነው። የድሮ ሰዎች ታስታውሳላችሁ፤ በአገር ውስጥ በረራ ወለጋ ከማንም አታንስም ነበር። እስከ ዛሬ በዓለም አቀፉ የአውሮፕላን ማረፊያዎች መዝገብ ነቀምቴ፣ ደምቢዶሎ፣ ጊምቢና መንዲ የየራሳቸው ባለ ሦስት ፊደል መለያ አላቸው። ይህን ስነግራቸው ወጣቶች አያምኑኝም።

ለዛሬው ጉዳያችን ወሳኙ ቀን በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ነው። አየር መንገዳችን ስታር አሊያንስ የሚባለውን የአየር መንገዶች ኅብረት ተቀላቀለ። እነ ዩናይትድ፣ ሉፍታንዛና ኤር ካናዳ ያሉበት ነው። ከዚያ በፊት የእኛ አየር መንገድ ማይል በአብዛኛው የሚጠቅመው በሼባማይልስ ተመዝግቦ በተደጋጋሚ ለሚበር ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሚኒያፖሊስ ሆኖ ወተትና ዳቦ በመግዛት የዩናይትድ ወይም የኤር ካናዳ ማይል ያጠራቀመ ሰው፣ በዚያ ማይል ከዳለስ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወንበር ላይ ተቀምጦ መምጣት ቻለ።

የእነ እገሌ ልጅ በነጻ መጣ የተባለው እንግዲህ በዚህ በር ነው። አልዋሸም።

◆ ታዲያ ማን ከፈለው?

ልጁ ካልከፈለ አንድ ሰው ከፍሏል። የገንዘቡ ምንጭ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ በካርድ በተከፈለ ቁጥር ሱቁ ብዙውን ጊዜ ወደ 2 በመቶ የሚጠጋ ወይም የሚበልጥ ለባንኮቹ ይከፍላል። ባለሱቁ ይህን ከኪሱ አያወጣም፤ ዋጋ ላይ ይጨምራል። በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው ድሃም ያንኑ ዋጋ ይከፍላል፣ ማይል ግን የለውም። የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ በአማካይ በጥሬ ገንዘብ የሚጠቀም ቤተሰብ በዓመት 149 ዶላር ለካርድ ተጠቃሚዎች ያስተላልፋል፣ ካርድ የሚጠቀም ቤተሰብ ደግሞ 1,133 ዶላር ይቀበላል። አፉን ይዞ ከፍሎ የሄደው ሰው ትዝ አላችሁ?

ሁለተኛ፣ ወለድ። የካርድ ወለድ ዛሬ በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ ነው። «ሚኒመም» የምትባለዋን ብቻ እየከፈለ ዕዳ የሚያዞር ሰው የሌላውን ቲኬት እየገዛ ነው። ያ ሰው ብዙ ጊዜ ማን ነው? ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ለወንድም ትምህርት፣ ለእናት መድኃኒት፣ ለዘመድ ለቅሶ ብር የሚልክ ሰው ነው። ማለትም የእኛው ልጅ።

ስሌቱን እንሥራ። 60,000 ነጥብ ጉርሻ አገኘህ እንበል። አንዱን ነጥብ በአንድ ሳንቲም ብናሰላው 600 ዶላር ነው። ጉርሻውን ለማግኘት ብለህ 5,000 ዶላር ዕዳ ውስጥ ገብተህ በ22 በመቶ ዓመት ካቆየኸው ወለዱ ወደ 1,100 ዶላር ይጠጋል። ነጻ ቲኬትህን በእጥፍ ዋጋ ገዛኸው። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ይሄ ነው።

ቡና ላይ የነገርኳችሁ ሁለቱ ገበሬዎች እዚህ ተመልሰው መጡ። ጎተራው ሙሉ የሆነው ጉርሻውን ይበላል። ርቦት የወሰደው ይበላበታል።

◆ ስልቱ

ጎተራችሁ ሙሉ ከሆነ፣ ማለትም በየወሩ የካርዱን ዕዳ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም መክፈል የምትችሉ ከሆነ፣ ለእናንተ ምርቃቱን አለመጠየቅ ሞኝነት ነው። ከብዙዎቻችሁ የሰማሁትንና ያነበብኩትን ላጠቃልል።

1. አዲስ ከሆናችሁ በጉርሻ አትጀምሩ። በዲቪ ወይም በሌላ መንገድ ገብታችሁ የክሬዲት ታሪክ ከሌላችሁ፣ መያዣ ገንዘብ አስቀምጣችሁ የምታወጡትን ካርድ ያዙ፤ አንድ ዓመት በጊዜ ክፈሉ። ባንኩ ይወቃችሁ።

2. ጉርሻው የሚሰጠው በተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ፣ የተወሰነ ብር ስታወጡ ነው። ካርዱን መክፈት ያለባችሁ የማይቀር ትልቅ ወጪ ሲመጣ ነው፦ የመኪና ኢንሹራንስ፣ የትምህርት ክፍያ፣ የቤት ዕቃ። ለጉርሻው ብሎ ሁለተኛ ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ማይል አላገኘም፤ ቴሌቪዥን ገዛ።

3. ደንቡን አንብቡ። ቼዝ በ24 ወር ውስጥ አምስትና ከዚያ በላይ አዲስ ካርድ ከየትም ባንክ ያወጣን ሰው በአብዛኛው ይመልሰዋል። አሜሪካን ኤክስፕረስ ለአንድ ዓይነት ካርድ የመመዝገቢያ ጉርሻ በዕድሜ ልክ አንዴ ብቻ እንደሚሰጥ በደንቡ ይጽፋል። ስለዚህ ትንሽ ጉርሻ ላይ አትቸኩሉ፤ ከፍ ያለበትን ወቅት ጠብቁ።

4. በአንድ አየር መንገድ ከታሰረ ማይል ይልቅ ወደ ብዙ አየር መንገድ የሚዛወር ነጥብ ይሻላል። ወንበሩን በዓይናችሁ ሳታዩ ግን አታዛውሩ። አንዴ ከተዛወረ አይመለስም።

5. ለገና፣ ለጥምቀትና ለሐምሌ ወንበር ቶሎ ያልቃል። አሥራ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብላችሁ ፈልጉ። ካልሆነ በጥቅምት ወይም በየካቲት ኑ፤ በጥቅምት ደግሞ ወለጋ ታምራለች።

6. ነጻ ሲባል ፍጹም ነጻ አይደለም። ታክስ ይከፈላል። አንዳንድ ፕሮግራም የነዳጅ ጭማሪ ይጠይቃል፤ ዩናይትድና ኤር ካናዳ ይህን አይጨምሩም። የካርዱን ዓመታዊ ክፍያ ቀን ደግሞ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

7. ባልና ሚስት ተራ በተራ አውጡ። አንደኛው ሌላኛውን ሲጋብዝ ተጨማሪ ጉርሻ አለ፤ ወጪው ግን የአንድ ቤት ነው።

8. ማይል አታከማቹ። አየር መንገዶች ዋጋውን ሳይነግሩ ይቀይራሉ። ዩናይትድ ለራሱ በረራዎች የነበረውን የማይል ዋጋ ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ላይ አነሳው። ማይል ወለድ የለውም፣ ይረክሳል እንጂ። አንድ የደርሶ መልስ ያህል ግን ሁልጊዜ ይኑራችሁ።

ለምን አንድ? ይህችን ላብራራት። የቀድሞ ተማሪዬ አንዲት ልጅ እናቷ በድንገት ሲያርፉ መርዶውን የሰማችው ሌሊት ነው። የዚያን ሳምንት ቲኬት ዋጋ የምትችለው አልነበረም። ማይል ነበራት። አዲስ አበባ ገባች፣ 330 ኪሎ ሜትሩን በመኪና ነቀምቴ መጣች፣ ለቅሶው ሳይነሳ ደረሰች። እናቷን ባትቀብርም ከእህቶቿ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ያቺ ማይል በዶላር ስንት ታወጣለች? እኔ አልተምናትም።

◆ ዕቁብና የመጋበዣ ጉርሻ

አንድ የምጨነቅበት ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር አልጨርስም።

በአገራችን ክሬዲት ካርድ የለመድነው ነገር አይደለም። በእጃችን ያለው ካርድ የራሳችንን ብር የምናወጣበት ነው። ጉርሻውን ግን ባንኮቻችንም አልረሱትም፤ በበዓል ሰሞን ከውጭ የተላከ ገንዘብ ለሚቀበል ሰው ዕጣ ያወጣሉ፣ ይሸልማሉ። እዚህም ቢሆን ደንበኛ መጥሪያ ምርቃት መሆኑ ነው።

የእኛ ብድር ግን ሌላ ቤት ነው ያለው፤ ዕቁብ፣ ዕድር፣ የሱቅ ዱቤ። ዕቁብ ላይ መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው በሌሎች ብር ይጠቀማል፤ ልክ እንደ ጉርሻ። ልዩነቱ የተሸከሙትን ሰዎች ያውቃቸዋል። ኦቦ እገሌ፣ አዴ እገሊት። ነገ ተራው ሲደርስ እሱ ይሸከማቸዋል። ካልከፈለ ፊታቸውን ማየት አይችልም። የካርዱ ጉርሻ ላይ ግን የተሸከመህን ሰው አታውቀውም፣ ተራህም አይደርስም።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ታውቀዋለህ። «ሰው ጋብዝ፣ ነጥብ ውሰድ» የሚለው ላይ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በሐምሌው የእግር ኳስ ውድድር፣ በዕድር ስብሰባ ላይ ትናንት የገባን ልጅ «ና ይህን ካርድ አውጣ፣ አንተም ታገኛለህ እኔም አገኛለሁ» ማለት ቀላል ነው። ልጁ ወለድ ምን እንደሆነ አያውቅም። ባህሉ «ታላቄ ካለኝ ልክ ነው» ነው። ዓመት ሳይሞላ በየወሩ ሚኒመም እየከፈለ ወለድ ይገፋል። ስሙን የማልጠራው አንድ ልጅ እንዲህ ሆኖ፣ ዕዳው አፍሮት፣ ለሁለት ዓመት ወደ ቤቱ ስልክ መደወል አቁሞ ነበር። እናቱ የሞተ መስሏቸው ቤተሰብ ሰብስበው አልቅሰዋል። ጋባዡ ያገኛትን ነጥብ አስቡት።

የማታውቀው ሰው የከፈለልህን ቲኬት በሕሊናህ ተከራከርበት፤ እኔ ኃጢአት ነው ብዬ አልፈርድም። ሥርዓቱን አንተ አልሠራኸውም፣ ብትተወውም ድሃው አይመለስለትም። የምታውቀው የአገርህ ልጅ የከፈለልህን ቲኬት ግን አትብላ። ሰው ከመጋበዝህ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ «ያለፈውን ወር የካርድህን ሙሉ ሒሳብ ከፍለሃል?» መልሱ «አይ» ከሆነ፣ ከካርድ በፊት ከዕዳው የሚወጣበትን መንገድ አሳየው። ታላቅነት እሱ ነው።

ለወላጆችም አንድ ቃል። ልጃችሁ «ቲኬት ተወደደብኝ» ሲል የእነ እገሌን ልጅ አታንሱበት። ምናልባት ያኛው በምርቃት የመጣው፣ የእናንተው ለእናንተ እየላከ ምርቃቱን ስለከፈለለት ይሆናል።

በሉ እንግዲህ፣ እናንተ ጨምሩበት። በነጥብ የመጣችሁ ስንት ነጥብ እንዳወጣችሁ፣ በየት በኩል እንደመጣችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ ታናናሾቻችሁ ይማሩበት። ዕዳ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እኔ ባልረዳ፣ ከዚያ የወጡ ተማሪዎቼ አሉ፤ አገናኛችኋለሁ። ጊምቢ ወይም መንዲ ሜዳ ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ ያያችሁ ትልልቆቻችንም እባካችሁ ትዝታችሁን ጻፉልን። ወጣቶቹ እኔን አላመኑኝም፤ እናንተን ግን ያምናሉ።